ከ‹ናኖ› ስም ይልቅ መለካቱን ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዳማ ላይ ኬሚስትሪ ትማሪያለሽ። እናትሽን የያዛቸው የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ኪኒን ቢያስታግስላቸውም ፊታቸውን አሳብጦ ስኳራቸውን ከፍ አድርጎታል። መድኃኒቱን ወደ ታመመው ቦታ ብቻ የሚያደርስ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማትታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ለመሥራት አስበሻል። ጥያቄሽ ‹ናኖ› የሚል ስም ያለው ሁለተኛ ዲግሪ ልፈልግ ወይስ የፋብሪካ ሥራ ልያዝ የሚል ነው።

ሐሳብሽ ቅዠት አይደለም። የተቆጣ መገጣጠሚያ የደም ሥሮቹ ስለሚላሉ 100 ናኖሜትር (አንዱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆነች ቅንጣት ሾልካ ትወጣለች፤ እዚያ የተሰበሰቡት ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳትም ይውጧታል። ፕሬድኒሶሎን የያዘ ሊፖሶም (ከስብ የተሠራ ደቃቅ ከረጢት) በሕሙማን ላይ ጭምር ተሞክሯል። ነገር ግን ጉበትና ጣፊያ ከሁሉ ቀድመው ይሻሟታል። ይህንኑ ሽሚያ ወደ ጥቅም የለወጡም አሉ፦ የስንዴ ፕሮቲን የያዙ ቅንጣቶችን ወደ እነዚሁ አካላት ልከው መከላከያውን ‹ይህ ጠላት አይደለም› ብለው ለማስተማር በሴሊያክ (የስንዴ ፕሮቲን መከላከያውን አስቆጥቶ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም) ሕሙማን ላይ ሞክረዋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ስም አትከተዪ። ቅንጣት መሥራቱ ቀላሉ ነው፤ ከአኩሪ አተር ወይም ከእንቁላል የሚገኘውን ስብ፣ ሌሲቲንን፣ በአልኮል አሟሙተሽ እየተማሰለ ባለ ውሃ ውስጥ በቀጭኑ ስትጨምሪው ሊፖሶም ይሆናል። ከባዱ ከሦስት ወር በኋላም መጠኗ እንዳልተለወጠ፣ መድኃኒቱም እንዳልፈሰሰ ማሳየት ነው። ይህ ደግሞ የኬሚስት ሥራ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል በየቀኑ የሚያሠራሽ ይህንኑ መለካት ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ዓመት እዚያ ብትሠሪ ከህልምሽ አልራቅሽም። የመድኃኒት ፋብሪካ ያለባቸው ቂሊንጦም ሆነ ዱከም ከአዳማ ሩቅ አይደሉም። የፋርማሲ ትምህርት ቤቶችን ሁለተኛ ዲግሪ ከመረጥሽ ግን የኬሚስትሪ ምሩቅ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

እስከዚያው የመመረቂያ ጥናትሽን በዚህ ላይ አድርጊው። ፕሬድኒሶሎን የሞገድ ርዝመቱ 245 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ስለሚውጥ ከሊፖሶሙ ምን ያህል እንደወጣ የተዋጠውን ብርሃን በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር መከታተል ይቻላል፤ ውድ መሣሪያ አትጠብቂ።

እናትሽ ኪኒኑን በራሳቸው ለማቆም ማሰባቸውን በመጨረሻው መስመር ጽፈሻል። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚያቆም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪማቸው ይዘሻቸው ሂጂ።