መልስ፦ ከታረደ ፍየል የወጣ ልብ ለምን ይመታል?

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ለአረፋ የታረደው ፍየል ልቡ ሳህን ላይ ሲመታ አይተህ «ነፍሱ አልወጣችም እንዴ?» ላልከው፦ ወጥታለች፣ አይዞህ። ልብ ለመምታት የአንጎል ትእዛዝ አይጠብቅም። በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ያሉ ሴሎች ራሳቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ነርቭ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል እንጂ አያስጀምረውም። ምልክቱ ወደ ታች ሳይወርድ 0.1 ሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ የታችኛው ክፍል ደም እስኪሞላ። ከዚያ ካልሲየም ሴሉ ውስጥ ይገባና ጡንቻው ይኮማተራል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የልብ ጡንቻ አንዴ ምልክት ከተቀበለ ሩብ ሰከንድ ያህል ሌላ ምልክት አይቀበልም፤ ስለዚህ ሳይላላ እንደተኮማተረ አይቀርም። ለዚህ ነው በድሬ ሙቀት ኳስ ስንጫወት እግራችንን የሚይዘን ክራምፕ ልብን የማይዘው። የፍየሉም ልብ የሚቆመው ኦክስጅንና ጉልበት ሲያልቅበት ነው።