የወረደ ሁሉ አይነበብም

ደብዳቤሽ ደርሶኛል እህቴ። ሁለቴ አነበብኩት።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላውጋችሁ። ጠያቂያችን የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፤ አካውንቲንግ ተመራቂ። የመውጫ ፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ስልኳ ላይ ከቴሌግራም ያወረደቻቸው 41 ፋይሎች አሉ። አንድ ማታ ቁጭ ብላ ብትደምር 6,200 ገጽ ሆነባት። በዚያ ላይ ለባንክ ቅጥር ፈተና የሚሆን «ጥያቄና መልስ» ትሰበስባለች። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ የቱን ልጀምር እያልኩ ቀኑ ይመሻል። አንዱን ከፍቼ ሳልጨርስ ሌላ ይላክልኛል። ጓደኞቼ አንዴ ጨርሰው እየከለሱ ነው። እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው መሰለኝ።»

አቦ ተይ! መጀመሪያ ሂሳብ እንሥራ፤ ሙያሽ አይደል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሰንጠረዥና ስሌት ያለበት አንድ ገጽ እየገባሽ ለማንበብ አራት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ይሄ ብዙ አይደለም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ ቀለል ያለ ጽሑፍ ሲያነቡ በአማካይ በደቂቃ 240 ቃል ገደማ ነው የሚሄዱት። 6,200 ገጽ በ4 ሲባዛ 24,800 ደቂቃ። ወደ 413 ሰዓት ማለት ነው። በየቀኑ አምስት ሰዓት ብታነቢ፣ እሁድንም ሳታርፊ፣ 83 ቀን ይፈጃል። ያለሽ 49 ቀን ነው።

ስለዚህ ስንፍናውን ተይው። ሂሳቡ ራሱ አይዘጋም። ጓደኞችሽም 6,200 ገጽ አልጨረሱም። ወይ ያላቸው ትንሽ ነው፣ ወይ ገጽ ገልጠው አልፈዋል፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ዋሽተውሻል።

እኔ የማየው ችግር ሌላ ነው። ማውረድ ማንበብ እየመሰለሽ ነው። አንድ ፋይል ሲወርድ ደስ ይላል፤ የሆነ ነገር የሠራሽ ይመስልሻል። ቻናሉም ይህን ያውቃል። «የመጨረሻው እና ወሳኙ» ብሎ ይለጥፋል፣ በሳምንቱ ሌላ «የመጨረሻው» ያመጣል። ናሙና ብለሽ የላክሽልኝን ሦስቱን ጎን ለጎን ከፍቼ አየኋቸው። ሁለቱ አንድ ናቸው! ሽፋኑ ተቀይሮ፣ የቻናሉ ስም በየገጹ ታትሞበት፣ ውስጡ ግን ያው ስላይድ፣ ያው የፊደል ግድፈት። 41 ያልሽው ምናልባት 25 ቢሆን ነው።

አሁን የምልሽን ዛሬ ማታ አድርጊው። ስልኩን አስቀምጪና ወረቀት ያዢ። ለትምህርት ክፍላችሁ የወጣውን የፈተናውን ብሉፕሪንት፣ ማለትም ፈተናው የሚያካትታቸውን ኮርሶች የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ አምጪ፤ ከሌለሽ ክፍል ኃላፊው ጋ አለ። በውስጡ ያሉትን ኮርሶች በግራ በኩል ወደ ታች ጻፊያቸው። በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ማንበቢያ ብቻ። ሁለት አልኩሽ? አንድ። ትምህርት ክፍሉ ያዘጋጀው ሞጁል ካለ እሱን፣ ከሌለ መምህርሽ ያስተማረበትን። ከአጠገቡ አንድ የጥያቄ ስብስብ። የቀረውን «ከፈተና በኋላ» የሚል ፎልደር ከፍተሽ እዚያ ክተቺው። አጥፊው አላልኩሽም፤ ማጥፋት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከዚያ ከቻናሎቹ ውጪ። መውጣት ካስፈራሽ ድምፃቸውን ዝጊ።

«ያልመረጥኩት ውስጥ ያለው ቢመጣስ?» ትይኛለሽ። ይመጣል። ከ100 ጥያቄ ጥቂቱ ካላየሽው ቦታ መምጣቱ አይቀርም። ማለፊያው ግን 50 በመቶ ነው። ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ተመራቂዎች ቢሮዬ መጥተዋል። ወድቀው ከመጡት ውስጥ «ያላነበብኩት መጣብኝ» ያለኝ ጥቂት ነው። አብዛኛው «አውቀዋለሁ፣ አይቼዋለሁ፣ ግን ተምታታብኝ» ነው የሚለው። በአስር ፋይል ላይ አስር ጊዜ በጨረፍታ ያየ ሰው ይምታታበታል።

ታክስ ላይ ግን ቆም በይ። ከላክሽልኝ አንዱ፣ ከደመወዝ ገቢ ግብር ነፃ የሚሆነው በወር የመጀመሪያው 600 ብር ነው ይላል። ይሄ በአዋጅ 979/2008 የነበረ ነው። ማሻሻያው፣ አዋጅ 1395/2017፣ ነፃውን ወደ 2,000 ብር አድርሶታል። ከፍተኛው የግብር መጠን፣ 35 በመቶውም፣ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 ብር በላይ ሆኗል። ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጠቅሰው አዋጅ 285/1994 ደግሞ በአዋጅ 1341/2016 ተተክቷል። አየሽ? አንዳንዱን ፋይል አለማንበብሽ ጠቅሞሻል። ፈተናው የትኛውን እንደሚይዝ ነገውኑ መምህርሽን ጠይቂ። ሥራ ላይ ግን በ600 ብር አስበሽ የሰው ደመወዝ ብትቆርጪ ሰውየው በር ላይ ይጠብቅሻል።

ስለ አነባበቡ ልምጣ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገ ወዳጅ አለኝ። ቁርኣን ቤት ሲማሩ ሎህ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር የሚጻፍላቸው። የተጻፈውን በቃሉ እስኪወጣው ድረስ ሌላ አይጻፍለትም። ለመምህሩ ሲያሰማና ሳይሳሳት ሲወጣው ሰሌዳው ይታጠባል፤ ከዚያ አዲስ ይጻፋል። «ትልቁ ደስታ ማጠቡ ነበር» ይላል። ያንቺ ሰሌዳ 41 ጊዜ ተደራርቦ ተጽፎበት አንዴም አልታጠበም።

እንግዲህ አንድ ምዕራፍ፣ ለምሳሌ የዕቃ ክምችት አያያዝን፣ አንድ ጊዜ አንብቢና ዝጊው። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ሲወጣ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ትርፉ ምን ይሆናል? በአማካይ ዋጋስ? የራስሽን ቁጥር ፈጥረሽ ሥሪው፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትነግድ ሴት ሰኞ በ60፣ ረቡዕ በ70 ገዝታ ብትሸጥ በይ። ከዚያ ከፍተሽ አመሳክሪ። የጎደለው የት እንደሆነ ያኔ ይታይሻል። ነገ የምታነቢው የጎደለውን ብቻ ነው።

ይሄ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዳንድ ተማሪዎች ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ አንብበው፣ ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ማታ ደጋግመሽ አንብበሽ «ገብቶኛል» ብለሽ የተኛሽው በሳምንቱ የት እንደሚገባ አሁን አወቅሽ።

ሰዓቱንም እናስተካክል። ከቀኑ ስድስት እስከ አስር ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ድሬ ላይ ፒዲኤፍ ማንበብ ራስን መቅጣት ነው። ሱቁ ተዘግቶ፣ ከተማው አንቀላፍቶ፣ አንቺ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስክሪን ላይ ታፈጫለሽ። ተኚ። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተነሥተሽ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሥሪ። ማታ አየሩ ሲበርድ ሁለት ሰዓት ጨምሪ። አምስት ሰዓት ሞላሽ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ወረቀት ይዘሽ ብትቀመጪም እሰየው፤ ዳታ ግን አጥፊ።

ጓደኞችሽ ቅጠል ይዘው ስለሚያነቡት ጠይቀሽኛል። ልመክርሽ እንጂ ልቆጣሽ አልፈልግም። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር ይገባል። ሰው ፎቅ ይሠራል፣ ኩባንያ ይከፍታል፣ 6,200 ገጽም ያልቃል። ጠዋት ወረቀቱን ስጡኝ ስትያቸው ግን ባዶ ነው። እንቅልፍ የሌለው ጥናት ለፈተና ብዙም አይጠቅምም።

ባንኩን ለጊዜው ተይው። ማስታወቂያው ዲግሪ ይላል፤ ዲግሪው ያለ መውጫ ፈተናው አይሰጥሽም። ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በራሴ የደረሰ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር አለቃዬ ወፍራም የአሠራር መመሪያ ሰጠችኝ። አጥንቶ የመጣ ለመባል ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ መጥታ «የጥቃቅን ወጪ ደረሰኝ ስንት ቀን ውስጥ ነው የሚወራረደው?» አለችኝ። እኔ ገና የድርጅቱ ዓላማና ራዕይ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ መመሪያውን ተቀብሎኝ ማውጫውን አየ፣ ገለጠ፣ መለሰላት። እሱም አላነበበውም ነበር! የት እንዳለ ግን ያውቃል። አሁን ተመራቂ ስቀጥር የምፈልገው ያን ልጅ ነው። የዛሬ ማታው ወረቀትሽ ደግሞ የዚያ ሥራ መጀመሪያ ነው።

እሁድ ማታ ዘግተሽ የጻፍሽውን የመጀመሪያ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የተሳሳተውን ሳትሰርዢ። ፋይል ግን እንዳትልኪ፤ የኔም ስልክ ሞልቷል።