ነርሲንግ ላቋርጥ ወይ ላለችኝ እህት

«ሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። መምህሮቻችን ስላይድ አንብበው ይወጣሉ። ክፍያው ቤተሰቤን አስጨንቋል። ኖቱ ሁሉ ቴሌግራም ላይ አለ። ዓሊ ኢብን ሪድዋን ያለ መምህር ተምሮ የግብፅ ሐኪሞች አለቃ ሆኗል። እኔስ አቋርጬ ራሴን ባስተምር?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ሰውየውን ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ግን ታሪኩን ከግማሽ ጀምረሽዋል።

ኢብን ሪድዋን በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ጊዛ ውስጥ የተወለደ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። ሕክምና መማር የጀመረው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። ለመምህር የሚከፍለው ስላልነበረው አንዴ ኮከብ እየቆጠረ፣ አንዴ እያከመ፣ አንዴ እያስተማረ ሳንቲም ይለቃቅም ነበር። ኮከብ ቆጠራው የዚያ ዘመን ሳይድ ቢዝነስ መሆኑ ነው። እስከ 32 ዓመቱ እንዲህ ገፋ። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ የሕይወት ታሪኩን ጽፏል። እንግዲህ መምህር ያጣው ንቆ ሳይሆን ቸግሮት ነው። በኋላ ሲሳካለት ግን እጦቱን መርህ አደረገውና ሕክምናን ከመምህር ይልቅ ከመጻሕፍት መማር ይሻላል ብሎ ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ1049 ኢብን ቡጥላን የሚባል ክርስቲያን ሐኪም ከባግዳድ ተነስቶ ግብፅ ገባ። ሁለቱ ተጣሉ። በምን መሰለሽ? በጫጩት! በዚያ ዘመን ሕክምና ነገር ሁሉ «ሞቃት» ወይም «ቀዝቃዛ» ባሕርይ አለው ይባል ነበርና፣ የዶሮ ጫጩት ነው ወይስ የሌላ ወፍ ጫጩት በባሕርይው ይበልጥ የሚሞቀው በሚል። ክርክሩ እየሰፋ ሄዶ መምህር ወይስ መጽሐፍ የሚለው ላይ ደረሰ። ኢብን ቡጥላን መምህር እንደሚበልጥ ሰባት ምክንያት ደረደረ። አንዱ ዛሬም ይሠራል፤ መጽሐፍ አሳሳች ነገር አያጣውም። ብዙ የዓረብኛ ፊደላት የሚለዩት በነጥብ ነው። ገልባጩ አንዲት ነጥብ ከረሳ ቃሉ ሌላ ይሆናል፤ መጽሐፉም «ተሳሳትሽ» አይልሽም። እኔም «ገና» ብዬ ብጽፍልሽ በዓሉን ይሁን «ቆይ፣ ገና ነው» የሚለውን፣ ጮክ ብዬ ካላነበብኩልሽ ከዙሪያው ነው የምትገምቺው። አንቺ ዘንድ ስህተቱ የመድኃኒት መጠን ላይ ይመጣል። በሚሊግራምና በማይክሮግራም መካከል የ1000 እጥፍ ልዩነት አለ።

ደግሞ ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን እጅ ላይ ደም ሥር ፈልጊ ሲሉሽ አስቢው። ቆዳው ላይ ምንም አይታይም። አጠገብሽ ያለችው ሲስተር ጣትሽን ይዛ «እዚህ ጋ፣ ቀስ ብለሽ ጫን በይ፤ ነጥሮ ሲመልስሽ ተሰማሽ?» ትልሻለች። ዩቲዩብ ጣት አይዝም።

ኢብን ሪድዋን መታረም አይወድም ነበር። ለካይሮ ሐኪሞች ኢብን ቡጥላንን እንዲያገሉት ጻፈላቸው፤ እንግዳው ግብፅን ለቆ ቁስጥንጥንያ ሄደ። ብቻውን የተማረ ሰው ላይ ይህን ጠባይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚቃወመውን ሰው መልመድ ያቅተዋል።

የሙያ ፈቃድ የሚባለው ነገርም የዛሬ ጣጣ ብቻ አይደለም። ከዚህ ጠብ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ931፣ ባግዳድ ውስጥ በሐኪም ስህተት ሰው ሞተና ኸሊፋው ሐኪሞች ሁሉ እንዲፈተኑ አዘዘ። ፈታኙ ሲናን ኢብን ሳቢት ነበር፤ ከ860 በላይ ሰዎች ቀረቡለት። አንቺም ካቋረጥሽ የመውጫ ፈተናም፣ የሙያ ብቃት ምዘናም አትቀመጪም። እውቀቱ ቢኖርሽ እንኳ መርፌ የሚያስይዝሽ የለም።

ከኢብን ሪድዋን መውሰድ ካለብሽ ንባቡን ውሰጂ። አጫጭር ማጠቃለያዎችን አይወድም ነበር፤ የጥንቶቹን የግሪክ ሐኪሞች የሂፖክራተስንና የጋሌንን መጻሕፍት ራሳቸውን አንብቡ ይል ነበር። አንቺ «የምማርባቸው» ብለሽ የላክሽልኝ ፋይሎች ግን አብዛኞቹ ሾርት ኖት ናቸው። አትቀየሚኝና፣ እሱ ቢያያቸው ይቆጣሽ ነበር።

መምህሩ ስላይድ አንብቦ ከወጣ ኮሪደር ላይ ተከትለሽ ጠይቂው። አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሰንፎ ውጭ ሲጠየቅ ጎበዝ ነው። አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ስትወጪ ደግሞ እጇ የቀና አንዲት ሲስተር ምረጪና ካጠገቧ አትጥፊ።

የገንዘቡ ነገር እውነተኛ ችግር ስለሆነ አላቃልለውም። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ፎርም ሳትሞዪ ሬጅስትራር ሄደሽ ክፍያው በየወሩ ይከፋፈል እንደሆነ፣ አንድ ሴሚስተር አርፎ መመለስ የሚቻል ከሆነም እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቂ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበይና ላኪልኝ። የቀረውን ከዚያ እናወራለን።