መልስ፦ ወተት ውስጥ ያለ ሳልሞኔላ በሌዘር ይለያል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ሌዘር ወተት ውስጥ ያለን ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) በደቂቃዎች ይለያል ወይ፣ ካልቸርንስ (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አራብቶ የመለየት ዘዴን) ይተካል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። መለየቱን ይለያል። መተካቱ ግን ገና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌዘር አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ፣ ከሚበተኑት ብዙ ሚሊዮን ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ቀለሟን የምትቀይረው አንዷ ብቻ ናት። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህንን ነው። ያቺ ጭላንጭል ብቻዋን ባክቴሪያን ለመለየት አትበቃም። ባክቴሪያው ደቃቅ የብር ወይም የወርቅ ቅንጣት ሲነካ ግን ምልክቱ እጅግ ይጎላል።

ቀለሙን የቀየረውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ ስታየው፣ የሞገድ ቁጥር (የቀለም ለውጡ መጠን) 730 አካባቢ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጫፍ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የአዴኒን (የዲኤንኤ አንዱ ክፍል) ነው። ችግሩ፣ ይህን ጫፍ ብዙ ባክቴሪያዎች ይጋሩታል። ስለዚህ ወይ ሙሉው ግራፍ በኮምፒውተር ይነጻጸራል፣ ወይ ሳልሞኔላን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ቅንጣቱ ላይ ይለጠፋል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ወተቱ ራሱ ነው። ስቡና ፕሮቲኑ ቀድመው ብሩ ላይ ይለጠፉና ባክቴሪያው ቦታ ያጣል። ንባቡ የደቂቃ ሥራ ቢሆንም ማጣራቱና ማጠቡ ጊዜ ይበላል። ባክቴሪያው ጥቂት ከሆነማ መጀመሪያ ማራባት ግድ ነው። ካልቸር ቀናት ቢፈጅም በሕይወት ያለውን ይነግርሃል። በተለይ ለሕፃናት የሚቀርብ ወተት ከሆነ፣ እባክህ በሌዘሩ ውጤት ብቻ አትለፈው።