የዌብ አፕን መልክ በራስ ሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስን ቋንቋ) መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስታይለስ (የራስን ሲኤስኤስ ገጽ ላይ የሚጭን የብሮውዘር ተጨማሪ) ላይ የጻፍኩት ቀለም ገጹ ላይ ለውጥ አያመጣም። ኢምፖርታንት (አንድን መስመር ከሌሎች የሚያስቀድም ቃል) ልጨምርበት?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ኤለመንቱ (መልኩን መቀየር የፈለጉት የገጹ ክፍል) ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ኢንስፔክትን ይክፈቱና የስታይልስን ክፍል ይዩ። የእርስዎ መስመር እዚያ ከሌለ ሴሌክተሩ (ሕጉ የትኛውን ኤለመንት እንደሚነካ የሚገልጸው) ወይም የገጹ አድራሻ ተሳስቷል። ኖሮ ከተሰረዘበት ግን ሌላ ሕግ በልጦታል። ሴሌክተር ውስጥ አንድ አይዲ (የአንድ ኤለመንት መለያ ስም) ከክላሶች (ብዙ ኤለመንቶች የሚጋሯቸው ስሞች) ክምር ይበልጣል፤ አንድ ክላስም ከታግ ስሞች (እንደ በተን ያሉ የኤለመንት ዓይነቶች) ክምር። እኩል ሲሆኑ ኋላ የመጣው ያሸንፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያንኑ ክላስ በክፍተት ሳይለያዩ ሁለት ጊዜ ይጻፉት፤ የሚመረጠው ኤለመንት አይቀየርም፣ ክብደቱ ግን በአንድ ክላስ ያድጋል። ኢምፖርታንት የግድ የሚሆነው አፑ ቀለሙን በኤለመንቱ የስታይል አትሪቢዩት (ኤለመንቱ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ላይ በቀጥታ ሲጽፈው ነው።

ጥያቄ፦ አፑ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ሥራዬ ሁሉ ይበላሻል።

መልስ፦ የያዟቸው ክላሶች ትርጉም የሌላቸው ፊደልና ቁጥሮች ከሆኑ ምክንያቱ እሱ ነው፤ አፑ እንደገና ሲገነባ ሊለወጡ ይችላሉ። በምትኩ ሮል (የኤለመንቱን ሚና የሚገልጽ) ወይም ዳታ (የአፑ ሠሪዎች ለራሳቸው የሚያስቀምጡት) አትሪቢዩት ይያዙ። ኤሪያ ሌብልም (ለስክሪን አንባቢ ፕሮግራም የሚጻፍ ስም) ይሠራል፣ ግን የአፑን ቋንቋ ሲቀይሩ ጽሑፉ አብሮ ይቀየራል። ከሁሉም የምመርጠው ቫሪያብሎችን (ስም ተሰጥቷቸው በብዙ ቦታ የሚጠሩ ዋጋዎችን) ነው፦ አፑ ቀለሞቹን በቫሪያብል ካስቀመጠ አንዱን ብቻ መለወጥ መቶ ቦታ ያስተካክላል። አንድ ወጥመድ አለው። ቫሪያብሉ ቦዲ ላይ ድጋሚ ዋጋ ከተሰጠው፣ ሩት (የገጹ የበላይ ኤለመንት) ላይ የጻፉት በኢምፖርታንት ቢታገዝም ከቦዲ በታች አይደርስም፤ የቅርቡ ነውና የሚወረሰው። ቦዲው ላይ ራሱ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ፎንት ስቀይር አይኮኖቹ ባዶ ሳጥን ሆኑ።

መልስ፦ ኮከብ ምልክቱን ተጠቅመው ሁሉንም ኤለመንት ስለመረጡ ነው። አይኮኖቹም ፎንት ናቸው። ፎንቱን ቦዲ፣ ኢንፑትና በተን ላይ ብቻ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ኢምፖርታንት ጨምሬም ተሸነፍኩ።

መልስ፦ ምናልባት የአፑ ሕግ ሌየር (ሕጎችን በደረጃ የሚከፋፍል የሲኤስኤስ ክፍል) ውስጥ ሆኖ እሱም ኢምፖርታንት አለው። በተራ ሕግ ከሌየር ውጭ ያለው ያሸንፋል፤ በኢምፖርታንት ግን ተራው ይገለበጥና ሌየር ውስጥ ያለው ይበልጣል። በፋየርፎክስ መውጫ አለ፦ በፕሮፋይል ፎልደሩ (ፋየርፎክስ የእርስዎን ማስተካከያዎች የሚያስቀምጥበት) ውስጥ ክሮም የሚባል ፎልደር ከፍተው ዩዘርኮንተንት የተባለ የሲኤስኤስ ፋይል ያስቀምጡ። እዚያ ያለ ኢምፖርታንት ከገጹ ኢምፖርታንት ሁሉ ይበልጣል። ከ2019 ወዲህ፣ ማለትም ከስሪት 69 ጀምሮ፣ ይህ በነባሪው ዝግ ስለሆነ አባውት ኮንፊግ (የፋየርፎክስ የላቀ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሌጋሲ ዩዘር ፕሮፋይል ከስተማይዜሽንስ የሚለውን ትሩ አድርገው ብሮውዘሩን ዘግተው ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ኢንስፔክት ላይ ሻዶው ሩት ከሚለው ሥር ያለውን በተን መንካት አልቻልኩም።

መልስ፦ ሻዶው ሩት ከገጹ የታጠረ የኤለመንት ውስጣዊ ክፍል ነው፤ የውጭ ሴሌክተር እዚያ አይገባም። ቫሪያብል ግን በውርስ ይገባል፤ ሠሪው ፓርት ብሎ የሰየመው ክፍል ካለም በፓርት ሴሌክተር ይደረስበታል።