መልስ፦ ባቡሩ ከመሬት ዋጋ ጭማሪ ለምን አልተጠቀመም?

ውድ ጠያቂ፣ የሆንግ ኮንግ ባቡር በጣቢያዎቹ ዙሪያ ከሚገነቡ ቤቶች ገቢ ሲያገኝ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ለምን እንዳልቻለ ጠይቀዋል። ብዙዎች የመሬት ሥሪቱን ይወቅሳሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፣ ምክንያቱም እዚያም ቢሆን መሬት ከሞላ ጎደል ሁሉም የመንግሥት ሆኖ በሊዝ የሚተላለፍ ነው። ልዩነቱ ሊዙን ማን፣ መቼና በምን ዋጋ ያገኛል በሚለው ላይ ነው። በሆንግ ኮንግ መንግሥት የማልማት መብቱን ለባቡር ድርጅቱ ለኤምቲአር የሚሰጠው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመሬት ዋጋ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ከአልሚዎች ጋር ተጣምሮ ይገነባና ባቡሩ ራሱ ከፈጠረው የዋጋ ጭማሪ ትርፍ ይካፈላል።

በእኛ ዘንድ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩትን ሁለት መስመሮች የሠራው የፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። በመስመሩ ዳርና ዳር ያለውን መሬት በሊዝ የሚያስተላልፈው ደግሞ የከተማው አስተዳደር ነው። ስለዚህ የመሬቱ ዋጋ ቢንርም ለባቡሩ የሚተርፈው የቲኬት ገቢ ብቻ ሆነ፤ ታሪፉም ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በዚህ ገቢ የውጭ ምንዛሪ ብድር መክፈል ይቅርና መለዋወጫ መግዛትም ይከብዳል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የኮንዶሚኒየሙ አቀማመጥ ነው። እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉ ግዙፍ ሰፈሮች ከመስመሩ ርቀው በመሠራታቸው፣ ባቡሩን በብዛት ሊጠቀም ይችል የነበረው ነዋሪ ዛሬም ለታክሲና ለአውቶቡስ ይሰለፋል።