አብሽሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሰፈሩ ግን አሁንም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ድሮ መርፌ ለመወጋት የሚመጡት ልጆች አሁን አድገው ቡና ሲፈላ ጠብቀው ይመጣሉ። ባለፈው ሰሞን አንዷ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያልቀናት፣ ስኒዋን እንደያዘች «ሲስተር፣ ስጸልይ እግዚአብሔር የሚሰማኝ አይመስለኝም። እምነቴ አንሶ ይሆን?» አለችኝ። ሰው ስለነበር ነገሩን በቀልድ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

«እምነት አንሶ ይሆን» የሚለውን ጥያቄ የምፈራበት ምክንያት አለኝ።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር እኔ ክትትል ክፍል ነበርኩ። ያኔ ክኒኑ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ነበር የሚዋጠው፣ ያውም ዕድሜ ልክ። የሚያቋርጥ ሰው ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመድበታል። ይህንን በቀን ሃያ ጊዜ እናገር ነበር። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ጠበል ይጠመቁ ነበር፤ በዚያም «ክኒን የሚውጥ ጠበሉን ተጠራጥሯል» የሚል ወሬ ይሰማሉ። አንድ ቀን ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለ ልጅ ገባ። «ሲስተር፣ ሱባኤ ልገባ ነው። ክኒኑን ለሁለት ሳምንት ባቆመውስ?» አለኝ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል፣ ምሳ አልበላሁም፣ ደክሞኛል። «ወይ ጠበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጥ!» አልኩት። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ። አልተቆጣም እኮ። በሩንም በእርጋታ ነው የዘጋው።

ከወራት በኋላ እናቱ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። የመጣችው ልትወቅሰኝ አልነበረም። «ልጄ የሞተው እምነቱ አንሶ ነው ወይ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ» አለችኝ። የማደርገው ጠፋኝና እጇን ይዤ ዝም አልኩ። ዛሬ ብትጠይቀኝ የምመልስላት አላጣም፤ ልጁ እምነት አልጎደለውም ነበር፤ መምረጥ የሌለበትን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ብዙ ሰው ተረፈ። ያ ልጅ ግን አልደረሰበትም።

በዚያው ዘመን ከሐይቅ ከተማ የምትመጣ ሴት ነበረችን። ክኒኗን የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ሰዓቷ ሲደርስ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታለች፣ ታማትባለች፣ ከዚያ በጠበል ትውጠዋለች። የጠዋቱን ከውዳሴ ማርያም ጋር፣ የማታውን ከሠርክ ጸሎት ጋር አያይዛው ስለነበር ክኒን ረስታ አታውቅም። «አይጋጭብሽም?» ብያት፣ «ሁለቱም የሱ ነው፣ ምን ያጋጨዋል?» አለችኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሙያዬን እሷ በአንድ አፍ ጨረሰችው።

ያኔ በሽታ የሚከላከለውን የደም ሴል፣ የሲዲ ፎርን ቁጥር እንለካ ነበር፤ ከ200 ሲወርድ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አንዳንዶቻችሁ እምነትንም እንደዚያ የምትለኩት ይመስለኛል፣ ከዚህ በታች ከሆነ እግዚአብሔር አይሰማም ብላችሁ። እስቲ ማርቆስ ምዕራፍ 9ን አንብቡት። ልጁ የታመመበት አባት ጌታ ፊት ቆሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ግማሹ እምነት፣ ግማሹ ጥርጥር ነው። ልጁ ግን ተፈወሰለት። እምነትህን ሞልተህ ተመለስ አልተባለም።

«ታዲያ በእምነት ለምኑ የተባለውስ?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ወሎዬዎች ለዚህ ጥሩ ቃል አለን፦ አብሽር። ቃሉ ከዐረብኛ ቢመጣም እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ጎረቤቴ ሐጂት ባለቤቴ ታሞ በተኛ ጊዜ ጀበናዋን ይዛ መጥታ «አብሽሪ ሲስተር» ስትለኝ፣ ይድናል ማለቷ አልነበረም። እሷስ በምን ታውቃለች? ባለቤቴም አልዳነም። ቃሉ ልቤን ያቆመው የተናገረችውን ስለማውቃት ነው። ሐጂት ካለች ብቻዬን አላድርም። ከጸሎት የሚገኘው መተማመንም ለእኔ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚሰጠኝን ባላውቅም የምለምነው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጅ አጥታ የለመነችውን የሳሙኤልን እናት ሐናን አስቧት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ ሰከረች ብሎ ገሠጻት። (እኔም ያን ባለ ጀሪካን ልጅ እንዲሁ ነው ያየሁት፤ ባለ ሙያ ሲቸኩል ለካ ዓይኑ ይታወራል።) ከጸለየች በኋላ ግን ሄዳ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ልብ በሉ፣ ሳሙኤል ገና አልተጸነሰም! በእጇ የገባ ነገር የለም። ሸክሟን አራግፋ መሄዷ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነበር። የጳውሎስ እምነት አንሶ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ብሎ ጨርሷል። ዮሐንስም በመልእክቱ ስለ ድፍረት ሲጽፍ «እንደ ፈቃዱ አንዳች ብንለምን ይሰማናል» ይላል። ወጣቶች ድፍረቱን ይዛችሁ «እንደ ፈቃዱ» የምትለዋን ትዘላላችሁ። ስልካችሁ ላይ የሚዞረው «አሜን ብለህ ለአሥር ሰው ላክ፣ ነገ ተአምር ታያለህ» የሚለው ነገርማ፣ እሱን እንኳ ተዉት።

ደረቅ ቀን ይመጣል። ቆማችሁ ቃሉ ከአፍ የማያልፍበት፣ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ እንደ ድንጋይ የሚከብድበት። የዚያን ቀን የራሳችሁን ቃል አትፈልጉ፤ ዳዊታችሁን ግለጡ። በእኛ ዳዊት 12ኛው መዝሙር «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ብሎ መውቀስ ከተጻፈልን የእናንተ ቅሬታ አያስቆጣውም። የከፋችሁን «ተመስገን» በሚል ሸፍናችሁ አታቅርቡለት። እኔ በሽተኛ የሚያመውን ቦታ ደብቆ «ደህና ነኝ» ሲለኝ ምን ልረዳው እችል ነበር? የሚያማችሁን በስሙ ጥሩት፦ ፈተናው፣ ሥራ ማጣቱ፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ የጠፋው ወንድም።

ሰዓትም ይኑራችሁ። አባቶች ሰባቱን ጊዜያት ሠርተውልናል። ሁሉን ባትችሉ ነግህንና ሠርክን፣ የጠዋቱንና የማታውን ያዙ፤ እንደዚያች የሐይቅ ሴት ክኒን በ12 ሰዓት ልዩነት ማለት ነው።

አንቺም ልጄ፣ ያን ቀን በቀልድ ያለፍኩሽ፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ከሰዓት ነዪ፣ ቡና አለ። የክርስትና ስምሽን ጽፈሽ ያዢልኝ፤ የጓደኞችሽንም አምጪ፣ ከራስጌዬ ካለው ዳዊት ውስጥ አስገብቼ በየማታው አነሣችኋለሁ። የሒሳብ ደብተርሽንም ይዘሽ ነዪ። ማጥናቱን እኔ አልችልልሽም።